የሰባት ግንባር ግድግዳ

ኢንጂነሯ ቤቴ ድረስ መጥታ «እማማ፣ እናትዎ ይጸልዩበት የነበረውን ግድግዳ አገኘነው» ስትለኝ፣ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እናቴ ግድግዳ ላይ ጸልያ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ምን ታደርግ እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ወገቤ እንጂ ምላሴ አላረጀም።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ነገሩን ላስረዳችሁ። ተራራው ላይ ያለው ትልቁ ሆቴል፣ ያ ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የርግብ ቤት ሆኖ የኖረው፣ እየታደሰ ነው። አንድ ባለሀብት ገዝቶት «እንደ ጥንቱ አደርገዋለሁ» ብሎ ተነሳ። ጥንቱን ያየ ሰው እንዲህ አይልም፤ እሱ ግን ምን አይቶ። እሷ የእድሳቱ ኃላፊ ናት፤ እናቴ እዚያ ትሠራ እንደነበር ከሰፈር ሰው ሰምታ ነው የመጣችው። በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ቀለሙን ሲፍቁ ሲፍቁ፣ ከሦስት ድርብ ቀለም ስር፣ በበርና በበር መሃል፣ ጥቁር ጥቁር ክብ ነገር ወጣ። ሰባት ነው። ሁሉም በሰው ቁመት። እርጥበት ነው ብለው አጠቡት፣ አልለቅ አለ። ኋላ ሲመረመር የሰው ወዝ ሆነ። የግንባር ወዝ። ከዚያ ተሰብስበው መከሩና፣ የድሮ ሠራተኞች ማለዳ ማለዳ ግንባራቸውን አስደግፈው ሲጸልዩ የተወው ነው ብለው ደመደሙ። ባለሀብቱ በደስታ ሊሞት። መስታወት ይደረግበት፣ «የጸሎት ግድግዳ» የሚል ታፔላ ይሰቀልበት አለ። እንግዳ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል አሉ።

«ጸሎት ነው ብሎ ማን ነገራችሁ?» አልኳት።

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል እማማ?» አለችኝ።

ይቺ ናት አንጀቴን ያሳረረችው። ያን ሁሉ ዓመት የተማረ ሰው ሰባት ግንባር ግድግዳ ላይ አይቶ፣ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አይታየውም። «ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ለእሷ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ እዚያ ሆቴል የሁለተኛው ፎቅ አልጋ አንጣፊ ናት። አባት የለኝም፣ የምትተወኝ ዘመድም የላትም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጓሮው ደረጃ አሾልካ ታስገባኝና የአንሶላ ክፍል ውስጥ ታስቀምጠኛለች። የአንሶላ ክፍል ማለት ከቁም ሳጥን ትንሽ የሚሰፋ፣ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ የሆነ ነገር ነው። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ሳሙና፣ ትኩስ ካውያ፣ ትንሽ አረር ያለ ጨርቅ። በሩ በደንብ አይገጥምም። በስንጥቁ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ይታየኛል፤ ቀይ ምንጣፍ፣ ነጫጭ በር፣ በሩ ላይ የናስ ቁጥር። የነገሥታት ቤት ነበር በእኔ ቤት። ያንን ሁሉ የምታዘውም እናቴ ትመስለኝ ነበር፤ አንሶላው ሁሉ በእሷ እጅ አይደል የሚያልፈው።

እንግዳ ሲመጣ ጨዋታው ይጀመራል።

የእግር ኮቴ ሲሰማ እናቴ የያዘችውን ነገር መሬት ታደርግና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ግንባሯን ትለጥፋለች። ሌሎቹም አንጣፊዎች እንደዚያው፣ እያንዳንዷ በቦታዋ። እንግዳው በመሃላቸው ያልፋል። ይሄንን ጨዋታ ከሰፈር ልጆች ጋር አሳምሬ አውቀዋለሁ። አንዱ ግድግዳ ላይ ይደፋና «አኩኩሉ» ይላል፣ ተደባቂዎቹ «አልነጋም» ይሉታል፣ ተደብቀው ሲያበቁ «ነጋ» ይላሉ፣ ያኔ ዞሮ ይፈልጋቸዋል። እናቴ ፈላጊ ናት፣ እንግዶቹ ተደባቂ። የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ተራው ሁልጊዜ እናቴ ላይ መድረሱ ነው። እንግዶቹ ደግሞ አጭበርባሪዎች። ዝም ብለው ነው የሚጠፉት፤ አንዳቸውም «ነጋ» አይሉም።

ስለዚህ እኔ ማለት ጀመርኩ። ኮቴው ሲርቅ በስንጥቁ ቀስ ብዬ «ነጋ» አልኳት። የመጀመሪያ ቀን ክው ብላ ነው የዞረችው። ከዚያ አፏን በመወልወያ ጨርቅ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ የሁለታችን ነገር ሆነ። እኔ «ነጋ» ካላልኩ አትዞርም። ሰውየው ደረጃውን ወርዶ ግቢውን ለቆ ቢሄድ እንኳ፣ እኔ እስክላት ትጠብቃለች። ይሄን ያዙልኝ።

ጨዋታ እንዳልነበር ዛሬ የሚጠፋው የለም። ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ባለ ጓንቱ እንለዋለን። ነጭ ጓንት አጥልቆ በየመስኮቱ ጠርዝ ጣቱን እያሻሸ አቧራ ሲፈልግ የሚውል ሰው። እንግዳ የአንጣፊ ፊት ማየት የለበትም ብሎ ደነገገ። ተራራ ሊያይ ለመጣ ሰው የድሃ ፊት ምን ይሠራለታል? መጀመሪያ ዞር ማለት ይበቃ ነበር አሉ። ኋላ አንዷ በጎን ስታይ ተያዘችና «ግንባር ካልነካ ዓይን ይሰርቃል» ብሎ፣ ግንባር ይንካ አለ። ለእንግዳ ብቻም አይደለም፣ ለእሱም ጭምር ነው። በቀን ስንት ጊዜ፣ በዓመት ስንት ቀን፣ ያንን ያህል ዘመን ግንባር ነካ። አጠብነው አልለቅ አለ ይሉኛል። አይለቅማ።

እናቴ ታዲያ በጀርባዋ ማየት ተማረች። ሁሉንም በጫማው ነው የምታውቀው። ቤት ስንገባ እየተራመደች ታስመስላቸዋለች። ሐኪሙ ተረከዙ ያለቀ፣ ሸብ ሸብ። አስራ አራት ቁጥር ክፍል ያለችው ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ፣ ቋ ቋ። ባለ ጓንቱ ደግሞ ግራ ጫማው ይጮሃል፤ ሲረግጥ ሲጥ፣ ሲረግጥ ሲጥ። ደረቷን ነፍታ፣ ጣቷን አሹላ፣ ሲጥ ሲጥ እያለች አቧራ ስትፈልግ በሳቅ እንፈርሳለን። «ለኛ ያወጣው ደንብ ለጫማው ቅባት ቢሆነው ምን ነበረበት» ትል ነበር።

ያን ቀን ሌሎቹ ምሳ ወርደዋል። እናቴ ብቻዋን አስራ አራት ቁጥር አጠገብ ናስ ትወለውላለች። ሲጥ፣ ሲጥ። ጨርቋን ጥላ ግድግዳዋ ላይ ተለጠፈች። ባለ ጓንቱ መጣ፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ አስራ አራት ቁጥርን ከፍቶ ገባ። ባለ ባርኔጣዋ ሽርሽር ወጥታለች። ብዙ አልቆየም። ሲወጣ አንድ ጓንቱን አውልቋል፤ የሆነ ነገር ይጠቀልልበታል። በጣቶቹ መሃል ቢጫ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ አየሁ። ኪሱ ከተተው። በሩን ገርበብ አድርጎ ቀና ሲል፣ በስንጥቁ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ቢቆጣኝ ጥሩ ነበር። በድንጋጤ እሪ እል ነበር፣ እናቴም ትዞር ነበር። አልተቆጣም። መጣና ጎንበስ ብሎ፣ ባዶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ በስንጥቁ ከረሜላ አሾለከልኝ፤ ያንን በብርማ ወረቀት የተጠቀለለውን፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ለእንግዳ ብቻ የሚቀመጠውን። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁም ሊጫወት መጣ አልኩ። ተደባቂ ነው። ተደባቂን ያጋለጠ ደግሞ ከጨዋታ ይባረራል፤ ይሄ በሰፈራችን የታወቀ ሕግ ነው።

ሲጥ፣ ሲጥ፣ ወረደ። እኔ «ነጋ» አላልኩም።

እናቴ ጠበቀች። መሄዱን ሰምታለች እኮ፤ እሷ ያልሰማችውን ማን ይሰማል። እኔን ነው የምትጠብቀው። እግሯን ለወጥ አደረገች። ጉንጯ በጎን በኩል ፈገግ ሲል ታየኝ፤ ዛሬ ደግሞ ልታስቸግረኝ ነው ብላ ይሆናል። እኔ አፌን በእጄ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ከረሜላዬ፣ ኋላ ላሳያት። ቋ ቋ ቋ ሲል እንኳ አልዞረችም፤ እንዴት ትዙር፣ ደንብ ነው። ባለ ባርኔጣዋ ስትደርስ እናቴ ግድግዳው ላይ እንደተደፋች ናት። በሩ ከክንዷ አይርቅም፣ ገርበብ እንዳለ።

«ወርቄን! ወርቄን!» የሚለውን ጩኸቷን ተዉት። ሠራተኛው በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተሰለፈ። ባለ ጓንቱ ሁለቱንም ጓንቱን አድርጎ መጣ። እናቴን ማን እንደገባ ጠየቃት፣ ፊቴን አዙሬ ነበር ጌታዬ አለች።

«ለማን ነው ያዞርሽው?»

ጨርቋን ከመሬት አነሳች።

«ማንም ካላለፈ፣ ግድግዳ ላይ ማን ለጠፈሽ?»

እናቴ ጫማውን አየች። እኔም እሷን አይቼ አየሁት፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም። ያን ጊዜ ቁልፍ ያዥዋ የአንሶላውን ክፍል ከፍታ እኔን ጎትታ አወጣችኝ። ልጅ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጥፋት በጥፋት ላይ። ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። ባለ ጓንቱ ግን ጎንበስ አለልኝ፣ ድምፁ ማር።

«ሚጡ፣ ማን ሲገባ አየሽ?»

ሁሉም እኔን ያያል። እናቴም ታየኛለች። ያን ያህል ሰው አይቶኝ አያውቅም። ደረቴን ነፍቼ «ማንንም አላየሁም» አልኩ። አላጋለጥኩትም፣ አሸነፍኩ።

ባለ ጓንቱ፣ ለልጅቷ ስል ፖሊስ አልጠራም፣ ሥራዋን ለቃ ትሂድ ብቻ አለ። እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ሰው ነው ተባለ። አንዷ አንጣፊ፣ ጓደኛዋ ናት፣ የእናቴን አንገት ይዛ ጫማውን እንድትስም አስጎነበሰቻት። ያንን ሲጥ የሚለውን። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይሄ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጥርሴ ይፋጫል፣ ለዚያውም ጥርስ ከቀረኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሰው ቤት እየዞረች ልብስ አጣቢ ሆነች። ከተማው ስም አወጣላት፤ ባለ ወርቋ። በሄደችበት «ባለ ወርቋ መጣች፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ስሙን ወድጄው እኮ ነው! እኔ የባለ ወርቋ ልጅ ነኝ እያልኩ ለልጆች ሁሉ እናገር ነበር። አንድ ቀን እናቴ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ሳፋዋን ተሸክማ አለፈች።

ስለ ወርቁ ልንገራችሁ እንጂ፣ እሱማ እንዴት ይቀራል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከእናቴ ጋር ልብስ ሰፊዋ ቤት የታጠበ ልናደርስ ሄድን። ያቺ ባለ ጓንቱ ለሸሚዝ ቁልፍ ብሎ በሳምንት ሦስቴ የሚመላለስባት። የሸሚዝ ቁልፍ አያልቅበትም ነበር። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ልብሱን ስትቆጥር፣ ከአንገትጌዋ ውስጥ ቢጫ ሰንሰለት ሾለከ። እናቴ አየችው። ከዚያ ምን አደረገች? ቀስ ብላ ዞረችና ፊቷን ወደ ግድግዳ ሰጠች። ልብስ ሰፊዋ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት። «ልማድ ነው» አለች እናቴ።

እኔ ሁሉም ነገር የገባኝ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ቀስ በቀስ ነው፤ ውኃ ቤት ውስጥ እንደሚገባው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ግን አላስችል አለኝ። እናቴ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥባለች፣ እኔ አልጋ ላይ ነኝ።

«እማዬ፣ ያን ቀን አይቼዋለሁ» አልኳት።

ማጠቧን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «ከረሜላው ኪስሽ ውስጥ ቀልጦ፣ ብርማ ወረቀቱ ተለጥፎበት ነበር። ቀሚስሽን ማን አጠበልሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ጫማውንስ ሰምተሽ የለ እንዴ?»

«ፊቷን አዙራ የዋለች ሴት ምኗ ይሰማል? ጫማ ሰማሁ ልበል?» ጨርቁን ጨምቃ አራገፈችው። «አንቺን አጠገቤ አቁሜ፣ ልጄ አይታዋለች ብል ደግሞ ይለቅሽ ነበር? ሰባት ዓመትሽ ነበር እኮ።»

እኔን አልወቀሰችኝም፣ እሱንም አልረገመችውም። ለሁለታችንም የምበሳጨው እኔ ሆኜ ቀረሁ። ስትሞት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የተኛችው። አጎንብሼ «ነጋ» አልኳት። አልዞረችም።

ሰው ወሬኛ ይለኛል። ነኝ። የጎረቤቱን ጓዳ ከባለቤቱ በላይ የማውቅ ነኝ። አንድ ጊዜ አፌን ይዤ ያመጣሁትን አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልይዘውም ብዬ ነው።

ኢንጂነሯ ይሄን ሁሉ ሰምታ ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ሄዳ ለባለሀብቱ ነገረችው። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ፣ ብርድ ልብስ ይዞ። የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል።

«እማማ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ግን ሆቴል ደስ የሚል ታሪክ ነው የሚፈልገው። ያዘነ ሰው አልጋ አይከራይም።»

የባለ ጓንቱ ፎቶ ከምድር ቤት ተገኝቶ፣ ተወልውሎ፣ መግቢያው ላይ እንደሚሰቀል የሰማሁትም ያን ቀን ነው። ታፔላው ላይ «ሠራተኞቹን እንደ ልጅ የሚወድ» ተብሏል። ደሜ ፈላ። ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ልወረውርለት ፈልጌ ነበር። ግን ጥሩ ብርድ ልብስ ነበር፣ አስቀረሁት። በምርቃቱ ቀን እንደ አገር ሽማግሌ መጥተው ቁጭ ይበሉልን ሲለኝ፣ እሺ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ወንበሬ ሁለተኛ ፎቅ፣ አስራ አራት ቁጥር አጠገብ ይሁንልኝ። ደስ አለው። ነጭ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ከጸሎት ግድግዳ ስር፤ ፎቶ ላይ እንዴት እንደምታምር እያሰበ ነበር መሰለኝ።

ኢንጂነሯ ወንበሩን ራሷ አመጣችው። የትኛዋ የእናቴ እንደሆነች ጠየቀችኝ። አሳየኋት፤ ከሰባቱ ዝቅ ያለችው ናት፣ እናቴ አጭር ነበረች። ወንበሩን ልክ እዚያ ስር አደረገችልኝና፣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ እስከ ስንት ሰዓት ይችላሉ?» አለችኝ። «ወሬ እስካለ» አልኳት።

ጀርባዬን ለግድግዳው፣ ፊቴን ለኮሪደሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ቀይ ምንጣፍ፣ ነጭ በር፣ ናስ። የአንሶላው ክፍል በር አሁን ገጥሟል። የመጀመሪያዋ እንግዳ ታፔላውን አንብባ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ልታደርግ ጎንበስ ስትል «ተይ ልጄ፣ ከዚያ ይልቅ ነይ ተቀመጪ» አልኳት። ነገርኳት። ሁለተኛው መጣ፣ ለእሱም። እኩለ ቀን ላይ ሰልፍ ሆነ። ደረጃው ላይ የቆሙት አይሰማንም ጮክ በይልን ይላሉ። እኔ ደግሞ ጩኸት ምን ገዶኝ። ሲጥ ሲጥ የሚለውን ሳስመስልላቸው ይስቃሉ፣ ከዚያ ሳቃቸው መሃል ላይ ይቆረጣል። አንዷ ወርዳ ፎቶውን አይታው ተመለሰች። ጓንት አድርጓል አለች፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

ያኔ ነው አዲስ ጫማ ደረጃውን ሲወጣ የሰማሁት። ገና ያልለመደ ሶል፣ ከባድ፣ የተቸኮለ። ሳላይ አወቅሁት፤ የማን ልጅ ሆኜ። ባለሀብቱ ትልልቅ እንግዶቹን አስከትሎ መጣ። ከመሃላቸው አንዲት ፀጉሯን ያሳጠረች ሴትዮ፣ ፈርጠም ያለች፣ ወደ እሱ ዞራ ጠየቀችው።

«እኚህ እናት የሚሉት እውነት ነው?»

ያ ሁሉ ሰው እሱን ያያል። እኔም አየዋለሁ፣ ዓይኔን ሳልሰብር። ያንን ሰው ማየት ነበር፤ ወዲህ ቢል እኔ፣ ወዲያ ቢል እንግዳው። መሄጃ ሲያጣ፣ መስታወቱን የሚያስተካክል መስሎ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ተጠጋ። ግንባሩ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ሰዉ ይጠብቃል። እሱም የሆነ ሰው የሆነ ነገር እንዲል ይጠብቃል፤ ትከሻው ያስታውቃል።

አፌን በእጄ ያዝኩ። «ነጋ» አላልኩትም።